ከስምንተኛው ሺህ እስከ አዲስ ዓለም፤ ሳይንሳዊ ልብ ወለድና የሰሜን ሸዋ ደጋ

«በአማርኛ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አለን?» የሚለው ጥያቄ በክፍል ውስጥ በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «የለንም፤ ካለም ከውጭ የተቀዳ ነው» ይባላል። እኔም ይህንኑ ለዓመታት ሳስተምር ቆይቻለሁ። አንድ ተማሪዬ የመመረቂያ ጥናቱን በዚህ ዘርፍ ላይ ለመሥራት በጠየቀኝ ጊዜም «ከበድ ያለ ርእስ ፈልግ» ብዬ መለስሁት። ተማሪው ርእሱን ቀየረ፤ ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ይህ ጽሑፍ ለእርሱ የዘገየ መልስ ነው።

ነገሬን ከተወለድሁበት ከመንዝ ልጀምር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ ወደ ቤታችን በገባ ጊዜ አያቴ ባናዋን ተከናንባ ጥቂት ካዳመጠች በኋላ «ብረት ከተናገረማ ስምንተኛው ሺህ ደርሷል» አለች። አነጋገሩ የእርሷ ብቻ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ስለሚቆጠር፣ የምንኖረው በስምንተኛው ሺህ ውስጥ ነው፤ የደጋው ሰውም ያልለመደውን ነገር ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራዋል። በዚህ ላይ «ፍካሬ ኢየሱስ» አለ፤ ደጃዝማች ካሣ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ቴዎድሮስ የተባሉት በዚያ ትንቢት የተነገረውን ስም ወስደው ነው። ከጊሼ ወዲያ ማዶ በወሎም የሼህ ሁሴን ጅብሪል ትንቢታዊ ግጥሞች በቃል ሲነገሩ ኖረዋል። እንግዲህ ስለ መጪው ዘመን ማውራት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ በትንቢት ውስጥ መጪው ዘመን ዐዋጅ ነው፤ ሰው ይጠብቀዋል እንጂ አይሠራውም። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሃያስያን ዘርፉን የሚጀምሩት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1818 ከታተመው ከሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ነው። በዚያ መጽሐፍ ሕይወት የሚፈጠረው በተአምር ሳይሆን በሰው እጅና ዕውቀት ነው፤ ኃላፊነቱም የዚያው ሰው ነው። ዐዋጁ ወደ ጥያቄ ይለወጣል፤ «እንዲህ ቢሆንስ?» ይባላል።

ይህን ጥያቄ በአማርኛ ካነሡት ቀደምት ደራስያን አንዱ የተገኙት ከዚያው ከሰሜን ሸዋ፣ ጀማና ወንጪት ከሚያዋስኑት ከመርሐቤቴ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አደጉ። በ1903 ዓ.ም. ለጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን፣ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ጃፓን ተልከው ሄዱ። ከጃፓን ጉዟቸው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ካሳተሙ በኋላ፣ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም» የተባለውን ልብ ወለዳቸውን አወጡ።

የ«አዲስ ዓለም» ዋና ገጸ ባሕርይ አወቀ ይባላል፤ ስሙ ራሱ ጭብጡን ይናገራል። አወቀ በፈረንሳይ ተምሮ ወደ አገሩ ሲመለስ በድግሱ፣ በተዝካሩና በጋብቻው ልማድ ከዘመድና ከካህናት ጋር ይጋጫል። በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ተሰብስቦ ልማዱ እንዲሻሻል ይወስናል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ ጉባኤ የተሰበሰበው በልብ ወለዱ ውስጥ ነው። ደራሲው ያልሆነውን እንደሆነ አድርገው ጻፉት፤ መጪውን ዘመንም ከትንቢት አውጥተው ሰዎች ተቀምጠው የሚመክሩበት ጉዳይ አደረጉት።

«በመጽሐፉ ውስጥ መኪና የለ፣ ሮኬት የለ፤ ታዲያ እንዴት ሳይንሳዊ ይባላል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ እኔም ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው አልልም። ነገር ግን የዘርፉ እምብርት መሣሪያው ሳይሆን፣ አዲስ ዕውቀት ወደ አሮጌ ቀየ ሲገባ የሚሆነው ነገር ከሆነ፣ ኅሩይ መንገዱን ጠርገዋል ማለት ይቻላል።

በዚያ መንገድ ላይ ከሰባ ዓመታት በላይ ቆይቶ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ታተመ፤ ደጋግሞም ታተመ። የጣና ገዳማትንና በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶችን በአንድ ታሪክ ውስጥ አገናኘ። ግጥምጥሞሹና ምሥጢሩ በዝቷል የሚሉ አሉ፤ እኔም በከፊል እስማማለሁ። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ያደረገውን ነገር መካድ አይቻልም። ጻድቁ የገድል፣ አርበኛው የቀረርቶ ባለቤት በሆኑበት ባህል ውስጥ መሐንዲሱን የታሪክ ባለቤት አድርጎ አቆመው። የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ሕዋ መጥቃለች። ልብ ወለድ ሳተላይት አመጠቀ ማለቴ አይደለም። ግን ወሬውን የሰማ ወጣት አንባቢ ነገሩን በስምንተኛው ሺህ ምልክትነት ሳይሆን በሰው ሥራነት ለመቀበል ልቡናው አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበር ብዬ አምናለሁ። የሥነ ጽሑፍ ተጽዕኖ የምንለውም ይህንኑ የልቡና ዝግጅት ነው።

ወደ አያቴ ልመለስ። ራዲዮውን የዓለም መጨረሻ ምልክት ነው ያለችው አያቴ፣ ልጇ ዘማች ነበርና ማታ ማታ ዜናውን ሳትሰማ አትተኛም ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ጠዋት ትጠራኝና «ፀሐይ ላይ አስጣልኝ፤ ነፍስ ይዘራል» ትለኛለች። አንደበቷ ትንቢት ሲናገር እጇ ሙከራ ያደርግ ነበር። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚኖረው በዚያ አንደበትና በዚያ እጅ መካከል ነው። ርእሱ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ለካ የቀለልሁት እኔ ነበርሁ። ያ ተማሪ ዛሬ ቢመለስ ጥናቱን ከመርሐቤቴ እንዲጀምር እነግረዋለሁ።