ስማቸው በእንዳሁላ የቀረ ሁለት ሐኪሞች

እንዳሁላን በአገራችን ደጋ ከአጥር ሥር እያየነው ስላደግን፣ እንደ ብርቅ አበባ የሚቆጥረው ጥቂት ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ግን ሁለት ዝርያዎቹን በሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች ስም ይጠሯቸዋል፤ ካላንኮይ ኳርቲኒያና እና ካላንኮይ ፔቲቲያና።

ኳርቲን ዲሎንና አንቷን ፔቲ እ.ኤ.አ. በ1839 ከባሕር ኃይል መኮንኑ ከቴዎፊል ለፌቭር ጋር ለጥናት ጉዞ ተነሡ። የመጀመሪያውን በመረብ ሸለቆ ንዳድ ገደለው። ሁለተኛውን በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የሰበሰቡት ዕፅ ግን ፓሪስ ደረሰ፤ አሺል ሪሻርም ከ1847 ጀምሮ ባሳተመው የአቢሲንያ ዕፅዋት መጽሐፍ ስማቸውን ለእንዳሁላ ሰጠ። ባላገሩ ያወጣለት ስም በላቲኑ ስያሜ ውስጥ ቦታ አለማግኘቱ፣ በትርጉም ሥራ ለምኖረው ለእኔ ይቆረቁረኛል።

ያው ዓባይ ካርቱም ይደርሳል። በአል ጣኢፍ ሰገነቴ ላይ እኔም ከአገር ቤት ካመጣሁት ቁራጭ አንድ እንዳሁላ አብቅዬ ነበር። የዚህ ወገን ዕፅዋት የቅጠላቸውን ቀዳዳ ቀን ዘግተው ሌሊት ይከፍታሉ፤ ውኃውንም በወፍራም ቅጠላቸው ያቆያሉ። ከጥማት ይልቅ ፈጥኖ የሚገድላቸው የውኃ ብዛት ነውና፣ አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር፣ ከሥሩ የተበሳ ማሰሮና ከቀትር ፀሐይ የሚከልል ጥላ ያስፈልጋቸዋል። አበባው ሲፈነዳ ጎረቤቶች ስሙን ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔም «እንዳሁላ» እላቸው ነበር እንጂ ፔቲን አላነሣም።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲጀመር ቤቱን ዘግተን ወጣን። ከመውጣቴ በፊት አጠጣሁት፤ ከልማዴ አብልጬ።