እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ፦ ፒያኖ ደራሲዋ መነኩሲት

እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር። በሞታቸው ካዘኑት አድናቂዎች አብዛኞቹ መድረክ ላይ አይተዋቸው አያውቁም። የሚያውቋቸው በሸክላና በሲዲ፣ በተለይም ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው የ«ኢትዮፒክስ» 21ኛ ቅጽ ነው። «ፓሲንግ» በተሰኘው የ2021 ፊልም የሰሟቸውም አሉ።

የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ፣ በኋላም በካይሮ ሙዚቃ ተምረዋል። ለንደን ሄደው ለመማር የነበራቸው ተስፋ ሳይሳካ ሲቀር ወደ ግሸን ማርያም ገቡ። በዚያም 10 ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ።

ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበን ግን የጎንደሩ ዘመናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ ደጅ የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎችን ያዩ ነበር። ኑሮው ለደብረ ታቦር ሰው እንግዳ አይደለም። በደቡብ ጎንደር የሚገኙት የዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕትና የቤተልሔም የድጓ ጉባኤ ቤቶች ተማሪ፣ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ነው ዜማውን የሚያጠናው። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውምና ፒያኗቸውን አስቀረጹ። በጀርመን የታተመው ሸክላ ገቢ ለችግረኛ ልጆች መርጃ ዋለ። ዛሬ ሰብሳቢዎች በውድ የሚፈልጉት ሸክላ መነሻው ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1984 ወዲህ በኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ኖረዋል። «ኢየሩሳሌም» የተሰኘው አልበማቸው ለአድናቂዎቻቸው የደረሰው ከዕረፍታቸው ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ነው።