ከኡሑድ እስከ ቹንቾን፦ ወደ ጦር ሜዳቸው ስለተመለሱ አባቶች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



በ2002 ዓ.ም. ገና ምክትል ኢማም ሳለሁ፣ ከመጀመሪያው ሶፍ ቀኝ ጥግ የማይጠፉ አንድ አባት ከዐስር ሰላት በኋላ ጠጋ ብለው፣ «ሸይኻችን፣ ኮሪያ ላይ ቂብላው በየት በኩል ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም፣ «ወደ ምዕራብ ነው አባባ፤ ጥቂት ወደ ሰሜን ያዘነብላል» አልኳቸው። ፈገግ ብለው፣ «ያን ጊዜ ይህን የሚነግረኝ አጥቼ በግምት ነበር የምሰግደው» አሉ። ለመንገዳቸው ዱዓ እንዳደርግላቸው ለመኑኝ፤ አደረግሁላቸው። የሚያስቸኩል ጉዳይ ስለነበረኝ «ያን ጊዜ» ያሉት መቼ እንደሆነ ሳልጠይቃቸው ተለያየን።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አኺራ ሲሄዱ ጃናዛቸውን ያሰገድሁት እኔ ነበርኩ። ለተዕዚያ ቤታቸው በተቀመጥንበት ልጃቸው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ከፍቶ አሳየን። በውስጡ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሜዳሊያና አንድ ፎቶግራፍ ነበረ። በፎቶግራፉ ላይ በርከት ያሉ ሽማግሌዎች ከአንድ ሐውልት ፊት ተሰልፈው ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ የእኛው አባት ግን ከዳር ቆመው ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ላይ ናቸው። የኮሪያ ዘማች መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ስንት ዓመት ከፊቴ ተሰልፈው ሲሰግዱ አንድም ቀን «አባባ፣ ወጣትነትዎን የት አሳለፉት?» ብዬ አልጠየቅሁም። ኮሚቴው ለዚህ መጽሔት ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ሲያዘኝ፣ ያን ዕዳ በጥቂቱም ቢሆን ለመክፈል ይህን ርእስ መረጥሁ።

ዘመቻው

እንደሚታወቀው ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር 38ኛውን የኬክሮስ መስመር አልፎ ወደ ደቡብ ገባ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች ለደቡብ ኮሪያ እርዳታ እንዲሰጡ ጥሪ አቀረበ። ኢትዮጵያ በፋሺስት ኢጣልያ ስትወረር የዓለም መንግሥታት ማኅበር ቃሉን አጥፎ ሲመለከታት የነበረች አገር ናት። ስለዚህ «አንዱ ሲጠቃ ሁሉም ይድረስለት» የሚለውን ሐሳብ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እንደራሳቸው ጉዳይ ቆጥረው ከክብር ዘበኛ የተውጣጣ ሻለቃ ጦር እንዲዘምት አዘዙ። ጦሩም «ቃኘው» ተባለ፤ ይኸውም በራስ መኰንን ፈረስ ስም መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከጂቡቲ በመርከብ ተሳፈረና በወሩ መጨረሻ ገደማ ቡሳን ወደብ ደረሰ። እዚያም በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር በ32ኛው ሬጅመንት ውስጥ ተመደበ። አብዛኞቹ ወታደሮች ባሕርም በረዶም አይተው አያውቁም ነበር። ተራራው ግን አዲስ አልሆነባቸውም። ሻለቃዎቹ በየተራ እየተተካኩ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ አቁም ስምምነት እስኪፈረም ተዋጉ። ከዚያም በኋላ ሰላም ለማስጠበቅ የሄዱ ነበሩ። በጠቅላላው 6,037 ኢትዮጵያውያን ወደ ኮሪያ እንደተላኩ ይነገራል። ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። የሞቱትም አፅማቸው ወደ አገር ተመልሶ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ አረፈ።

እነዚህ ወታደሮች በጠመንጃ ብቻ አይታወሱም። ጦርነቱ ወላጅ ያሳጣቸውን ሕፃናት ዶንግዱቾን በተባለው ከተማ ሰብስበው ከደመወዛቸውና ከስንቃቸው እየቀነሱ ይመግቡ ነበር። የየቲምን ሐቅ ለሚያውቅ ሙስሊም ይህ ከሜዳሊያ የሚበልጥ ሥራ ነው።

የዝምታው ዘመን

ዘማቾቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በክብር ተቀበሏቸው። በአዲስ አበባ ዛሬም «ኮሪያ ሰፈር» የሚባለው መንደር ስሙን ያገኘው ከእነርሱ ነው። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደርግ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሆነ። በመሆኑም «ከደቡብ ኮሪያ ጎን ተሰልፌ ተዋግቻለሁ» ማለት የማያስመሰግን፣ አልፎ ተርፎም የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ብዙዎች ሜዳሊያቸውን ደበቁ፣ ፎቶግራፋቸውን ሸሸጉ፣ ለልጆቻቸው እንኳ ሳይናገሩ ኖሩ፤ በድህነት ያረጁም ጥቂት አይደሉም። የእኛው አባት ሜዳሊያ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ መገኘቱ አሁን አይገርመኝም። ሰው ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ዝምታው ልማድ ይሆንበታል፤ ጠያቂ ካላገኘም እንደያዘው ይሞታል።

ወደ ቹንቾን መመለስ

ኮሪያውያኑ ግን አልረሱም። በ1960 ዓ.ም. ቹንቾን በተባለችው ከተማ ለኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት አቆሙ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ራሳቸው ተገኝተው መረቁት። ከሐውልቱ አጠገብ በዚያው ዘመን አንድ ቡና ቤት ተከፈተ፤ ስሙም «ኢትዮጵያ ቤት» ነው። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ከሐውልቱ ፊት ለፊት በአገራችን ጎጆ ቤት አምሳል የተሠራ የመታሰቢያ አዳራሽ ተመረቀ። እዚህ በአዲስ አበባም በ1998 ዓ.ም. በአፍንጮ በር የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ቆሟል።

የደቡብ ኮሪያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ከልዩ ልዩ አገሮች የዘመቱ የቀድሞ ወታደሮችን እየጋበዘ የተዋጉበትን ምድር እንዲያዩ ማድረግ ጀመረ። በተለይ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ጦርነቱ የተጀመረበት 60ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ከብዙ አገር ብዙ ሽማግሌዎች ተጓዙ። ወጣት ሆነው በመርከብ ሳምንታት የፈጀባቸውን መንገድ ሸምግለው በአውሮፕላን በሰዓታት ጨረሱት። ጥለውት የሄዱት የተቃጠለ መንደርና የተራበ ሕዝብ ነበር፤ ያገኙት ግን ሰማይ ጠቀስ ፎቅና ሰፊ ጎዳና ነው። ከዚያች ከተማ መሐል ቆሞ፣ በወጣትነቱ እዚያው አፈር ላይ የወደቀ ጓደኛውን የሚያስታውስ ሽማግሌ ምን ይሰማው ይሆን? ደሙ በከንቱ እንዳልፈሰሰ ያስባል፤ በዚያው ልክም ጓደኛው ይህን ሳያይ መቅረቱ ያንገበግበዋል።

ሁሉም ቦታ ግን አይደረስበትም። የአሜሪካ ወታደሮች በቅርጹ ምክንያት «የአሳማ ሥጋ ቁራጭ» ብለው የሰየሙት 255 ቁጥር ኮረብታ አለ። ኢትዮጵያውያን በ1945 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ ብርቱ ውጊያ አድርገዋል። ኮረብታው ዛሬ ሁለቱን ኮሪያዎች በሚለየው፣ ጦር በማይሰፍርበት ቀጠና ውስጥ ይገኛል። የስምምነቱ ፊርማ ተኩሱን አቆመ እንጂ የሰላም ውል አልተከተለውም። ስለዚህ እዚያ የተዋጋ ሽማግሌ ያን ሁሉ ምድር አቋርጦ ቢሄድም ኮረብታውን መርገጥ አይችልም፤ ከሩቅ አይቶ ይመለሳል። ጦርነት በአንድ ቀን ይጀመራል፤ ማለቂያው ግን ከተዋጊዎቹ ዕድሜ ሊረዝም እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ዛሬ በሕይወት ያሉት ዘማቾች በጣም ጥቂት ናቸው። ስለሆነም ግብዣው ወደ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ተላልፏል። እነዚህም አባታቸው ያልነገራቸውን ታሪክ ከባዕድ አገር ሰዎች አፍ ይሰማሉ።

የቱርኮቹ መቃብርና የሴኡል መስጂድ

ከሙስሊም አገሮች ወደ ኮሪያ ብዙ ጦር የላከችው ቱርክ ነበረች። የመጀመሪያው ብርጌዷ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1950 ደረሰ፤ በቀጣዩ ወር ኩኑሪ በተባለው ስፍራ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። በቡሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ዛሬም 462 ቱርካውያን ተቀብረዋል። ከቱርክ የሚሄዱ የቀድሞ ወታደሮችና ቤተሰቦች በእነዚህ መቃብሮች ራስ ቆመው ፋቲሓ ይቀራሉ። በዚሁ መካነ መቃብር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በየዓመቱ ኖቬምበር 11 ቀን ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ለአንድ ደቂቃ በጸጥታ መቆም ተለምዷል።

ከተመላሾቹ አንዱ ሱሌይማን ዲልቢርሊይ የተባለው የቱርክ የበታች ሹም ነው። በጦርነቱ መጀመሪያ ዓመት በጨረቃ ብርሃን ወላጆቿን ያጣች ትንሽ ልጅ አገኘና «አይላ» ብሎ ስም አውጥቶላት እንደ ልጁ ያዛት። ጦሩ ሲመለስ ይዟት መሄድ ስላልተፈቀደለት ተለያዩ። ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ በሴኡል ተገናኙ፤ እርሱ ሽማግሌ፣ እርሷም አያት ሆነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ2017 አረፈ፤ አላህ ይዘንለት።

ከሁሉ በላይ እኛን ሊነካን የሚገባው ግን ይህ ነው። ከቱርክ ጦር ጋር የሄዱት ኢማሞች፣ ዓብዱልገፉር ካራኢስማኢልኦሉና ዙበይር ኮች፣ ለወታደሮቻቸው ከማሰገድ አልፈው ለሚጠይቋቸው ኮሪያውያን እስልምናን አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1955 የኮሪያ ሙስሊሞች ማኅበር ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ መንግሥት በሰጠው መሬትና የሙስሊም አገሮች ባዋጡት ገንዘብ የሴኡል መስጂድ ተከፈተ። የእኛ አባት በወጣትነታቸው ቂብላውን የሚነግራቸው ባጡበት አገር፣ በእርጅናቸው ሲመለሱ አዛን የሚባልበት ሚናራ ቆሞ ነበር። ገብተው ሰግደውበት እንደሆነ አላውቅም። ይህንም አልጠየቅኋቸውም።

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

አንዳንድ ወንድሞች «ወደ ጦር ሜዳ መመለስና ሙታንን ማሰብ ከእኛ መንገድ ነውን?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጀመሪያ የመቃብር ዚያራን ከልክለው ኋላ እንደፈቀዱና፣ ምክንያቱም አኺራን ስለሚያስታውስ እንደሆነ በሐዲሥ ተረጋግጧል። በሦስተኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሑድ 70 ያህል ሶሓቦች፣ አጎታቸው ሐምዛ ጭምር፣ ተሠዉ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በዕድሜያቸው መጨረሻ፣ ወደ ኡሑድ ወጥተው እንደሚሰናበት ሰው ሆነው ዱዓ አደረጉላቸው። ከዚህ የምንማረው ጊዜ ቢረዝምም የወደቀን ወንድም መርሳት እንደማይገባ፣ የማስታወሻውም ፍሬ ዱዓ እንደሆነ ነው።

ከዚህ ውጭ ያለው ሚዛን ይፈልጋል። መታሰቢያ ለኩራትና ለፉከራ ከሆነ፣ ወይም የአሮጌ ቂም ማደሻ ከሆነ፣ ጥቅሙ ይቀርና ጉዳቱ ይቀራል። በኮሪያ የወደቁት የነይያቸው ነገር በአላህ ዘንድ የታወቀ ነው፤ በዚህ ላይ እኛ ፈራጆች አይደለንም። የእኛ ድርሻ ለሙስሊሙ ሙታን ምሕረት መለመን፣ ለአገር ልጅ ሁሉ ደግሞ ውለታውን ማወቅ ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ነገር በኮሪያ ብቻ የሚቆም አይደለም። ከዚያ ወዲህ አገራችን በምሥራቅም በሰሜንም ብዙ ጦርነት አይታለች። ከእኛ ጀመዓ ውስጥ ልጇ የት እንደወደቀ የማታውቅ እናት አለች። እርሷን የሚጋብዛት መንግሥት፣ የምትቆምበት ሐውልት፣ ከሩቅ የምታየው ኮረብታም የላትም። ዱዓ ግን ቦታ አይመርጥም፤ ከሰገነትም ከመደብም ይሰማል። እኛ ደግሞ ቢያንስ የልጇን ስም መጠየቅና አብረናት «አሚን» ማለት እንችላለን።

ስለዚህ ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከመስጂዱ ቢሮ አንድ መዝገብ ይከፈት። በየቤቱ ያለ ወጣት ከአያቱና ከአያቱ ጓደኞች ዘንድ ቁጭ ብሎ፣ መቼና የት እንደዘመቱ፣ ከማን ጋር እንደነበሩ፣ ማን እንዳልተመለሰ ጠይቆ ይጻፍ። የሴቶቻችንም ይጻፍ፤ የዘማች ሚስት ብቻዋን ልጆች ያሳደገችበት ዓመትም የዘመቻው አካል ነውና። ለዚህ የአውሮፕላን ትኬት አያስፈልግም፤ ከዐስር እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ ይበቃል።

እኔ ያን ቀን የነበረኝ የሚያስቸኩል ጉዳይ ምን እንደነበር ዛሬ አላስታውሰውም። የአባታችንን ጥያቄ ግን አልረሳሁትም። አላህ ይማራቸው፤ ቀብራቸውን ብርሃን ያድርግላቸው። እኛንም ሳይዘገይ ከሚጠይቁት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ