«ቶል»፦ ደወሉ፣ ቀረጡና ይርጋው

«ቶል» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ትልቅ ደወል በዝግታ፣ ጊዜውን እየጠበቀ፣ አንድ አንድ ጊዜ ሲመታ የሚሰማውን ድምፅ ያመለክታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ለሞትና ለቀብር ነው። ለሠርግና ለበዓል ተከታትሎ የሚደወለው ሌላ ስም አለው፤ «ፒል» ይባላል። የእኛ «ደወል ተደወለ» ሁለቱንም ይሸከማል።

የቃሉ ምንጭ «መሳብ» የሚል ትርጉም የነበረው የጥንት እንግሊዝኛ ግስ ሳይሆን አይቀርም፤ ደዋዩ ገመድ ይስባልና።

በመንገድ ላይ የሚከፈለው «ቶል» ግን ዘመዱ አይደለም። እሱ «ቴሎስ» ከሚለው የግሪክ የቀረጥ ቃል፣ በላቲን በኩል የመጣ ነው። የሟቾች ቁጥር «ዴዝ ቶል» መባሉም፣ ብዙዎች እንደሚመስላቸው ከደወሉ ሳይሆን ከዚሁ ከቀረጡ ነው፤ አደጋው ያስከፈለው የነፍስ ግብር እንደ ማለት።

እኔን ሕግ እንደ ተማረ ሰው የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው። በአሜሪካ የሕግ ጽሑፎች ይርጋ «ቶል» ተደረገ ሲባል፣ ቆጠራው ለጊዜው ቆመ ማለት ነው፤ ምንጩም «ማንሳት» የሚለው የላቲን «ቶሌሬ» ነው። ይህን «ይርጋው ተቋረጠ» ብሎ መተርጎም አደገኛ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የተቋረጠ ይርጋ እንደ አዲስ መቆጠር ይጀምራል። ከአሥሩ ዓመት ስድስቱ ካለፈ በኋላ ቆጠራው ቢታገድ የሚቀረው አራት ነው፤ ቢቋረጥ ግን አሥር። በአንድ ቃል ስህተት ባለዕዳው ስድስት ዓመት ይጨመርበታል። ስለዚህ ተርጓሚዎች ሆይ፣ «ታገደ» በሉ።