ሕግ ወደ ፋብሪካ የገባበት ዘመን

በ1900 በአሜሪካ በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት የሆኑ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ልጆች ሥራ ላይ ተገኝተዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብዙዎቹ እርሻ ላይ ነበሩ። ሌሎቹ በደቡብ የጥጥ ፋብሪካዎች የተበጠሰ ክር ይቀጥላሉ፤ በፔንሲልቬኒያ ከድንጋይ ከሰል ውስጥ ጥቅም የሌለውን ድንጋይ ይለቅማሉ፤ በኒው ዮርክና በቺካጎ የኪራይ ቤቶች ከእናቶቻቸው አጠገብ ተቀምጠው አዝራር ይሰፋሉ። አሠሪና ሠራተኛ ተስማምተው የተዋዋሉትን መንግሥት ሊነካው አይገባም የሚለው አመለካከት በፍርድ ቤቶች ዘንድ ሥር የሰደደ ስለነበር፣ ይህን ሁሉ ለመከልከል የሚነሳ ሕግ ብዙውን ጊዜ ዕድሜው አጭር ነበር።

ከ1890ዎቹ እስከ 1920 ገደማ የዘለቀው ዘመን በአሜሪካ ታሪክ «የተራማጆች ዘመን» ይባላል። የነዳጅና የባቡር ኩባንያዎችን ጉልበት መግታት፣ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር፣ የሴቶች የመምረጥ መብት፣ የመጠጥ ክልከላ፣ ሁሉም በዚህ ዘመን የተነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ሕግን በፋብሪካው በር ለማስገባት የተደረገው ትግል ግን ረጅምና ብዙ ሕይወት የተከፈለበት ነው።

ትግሉ ከምክር ቤት ሳይሆን ከሰፈር ጀመረ። ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር በ1889 ስደተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት የቺካጎ ምዕራባዊ ክፍል «ሃል ሃውስ» የተባለውን ቤት ከፈቱ። የተማሩ ሴቶች እዚያው እየኖሩ ለጎረቤቶቻቸው መዋዕለ ሕፃናትና የማታ ትምህርት ያዘጋጁ ነበር። ፍሎረንስ ኬሊ ከዚህ ቤት የደረሰችው በ1891 መጨረሻ፣ ሦስት ልጆቿን ይዛ ከባሏ ሸሽታ ነው። አባቷ የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ነበሩ፤ እሷም በዙሪክ ተምራለች፤ ጀርመናዊው ሶሻሊስት ኤንግልስ ስለ እንግሊዝ ሠራተኞች ኑሮ የጻፈውንም መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሳለች። ቺካጎ እንደገባች በየኪራይ ቤቱ የሚካሄደውን የስፌት ሥራ እየዞረች መመዝገብ ያዘች። ስንት ሰው በአንድ ክፍል እንደሚሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚከፈለው በቁጥር አስቀመጠች። የኬሊ ትልቁ ጉልበት ይህ ነበር፤ በደሉን ማንም ሊያስተባብለው በማይችል መረጃ ታሳይ ነበር።

የኢሊኖይ ግዛት በ1893 ያወጣው ሕግ የዚህ ጥናት ፍሬ ነው። ሕጉ ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በፋብሪካ ማሠራት ከለከለ፤ የሴቶችን የሥራ ቀን በ8 ሰዓት ወሰነ። አገረ ገዢው ጆን ፒተር አልትጌልድ ኬሊን ዋና የፋብሪካ ተቆጣጣሪ አድርጎ ሾማት። ሴቶች በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ድምፅ መስጠት በማይችሉበት ጊዜ ይህ ሹመት ያልተለመደ ነበር። ሆኖም ሁለት ዓመት ሳይሞላ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ8 ሰዓቱን ድንጋጌ የሴቶችን የመዋዋል ነፃነት ይጥሳል ብሎ ሻረው። ፌዴራላዊው ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1905 ተመሳሳይ መንገድ ተከተለ፤ የኒው ዮርክ ዳቦ ጋጋሪዎች በቀን ከ10፣ በሳምንት ከ60 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ የሚከለክለውን ሕግ በ5 ለ4 ድምፅ ውድቅ አደረገ።

ኬሊ በ1899 ወደ ኒው ዮርክ ሄዳ ብሔራዊውን የሸማቾች ማኅበር መምራት ጀምራ ነበር። የማኅበሩ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ልብስ የሚገዛ ሰው ልብሱ በምን ሁኔታ እንደተሠራ የማወቅ ኃላፊነት አለበት። በደንቡ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ምርታቸው ላይ የማኅበሩን ነጭ ምልክት ይለጥፉ ነበር። የኦሪገን ግዛት የሴቶችን የሥራ ቀን በ10 ሰዓት የወሰነበት ሕግ ለክርክር ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲሄድ፣ ኬሊና የሥራ ባልደረባዋ ጆሴፊን ጎልድማርክ የጆሴፊንን እኅት ያገባውን ጠበቃ ሉዊስ ብራንዳይስን ጠየቁት። ብራንዳይስ ያቀረበው ጽሑፍ ከ100 ገጽ በላይ ሲሆን ሕግን የጠቀሰው በጥቂት ገጾች ብቻ ነው፤ ቀሪው ጎልድማርክና ጓደኞቿ ከሐኪሞችና ከፋብሪካ ተቆጣጣሪዎች ዘገባ የለቀሙት ማስረጃ ነበር። በ1908 ፍርድ ቤቱ ሕጉን በሙሉ ድምፅ አጸና። ውሳኔው የቆመው ግን ሴት በተፈጥሮዋ ጥበቃ ያስፈልጋታል በሚል መሠረት ላይ ስለሆነ፣ በኋላ ሴቶችን ከአንዳንድ ሥራ ለማግለል መከራከሪያ ሆኖ አገልግሏል።

የወረቀቱ ትግል በዚህ ላይ ሳለ የኒው ዮርክ የሸሚዝ ሰፊዎች በ1909 መገባደጃ አድማ መቱ። ከ20,000 በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹም አይሁዳውያንና ጣሊያናውያን ወጣት ስደተኞች ናቸው። ብዙ ድርጅቶች ከሠራተኞቹ ማኅበር ጋር ሲስማሙ ትራያንግል የተባለው ኩባንያ እምቢ አለ። ፋብሪካው የአንድ ሕንፃ 8ኛ፣ 9ኛና 10ኛ ፎቆችን ይዞ ነበር። ቅዳሜ ማርች 25 ቀን 1911፣ ሠራተኞቹ ሊወጡ ጥቂት ደቂቃ ሲቀራቸው፣ 8ኛው ፎቅ ላይ በጨርቅ ቁርጥራጭ ክምር እሳት ተነሳ። የ10ኛው ፎቅ ሰዎች በስልክ ተነግሯቸው ከአንዲት ሴት በቀር ሁሉም በጣሪያው አመለጡ። ለ9ኛው ግን ማንም አልነገረም። አንደኛው የደረጃ በር ተቆልፎ ነበር፤ የውጪው የብረት ማምለጫ ደረጃ በሰው ክብደት ተገንጥሎ ወደቀ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል ከ6ኛው ፎቅ በላይ አይደርስም። ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ 146 ሰዎች ሞቱ፤ ከመስኮት የዘለሉና የወደቁት ብቻ ከ50 በላይ ናቸው። ሕንፃው ራሱ እሳት የሚቋቋም ነበርና ዛሬም ቆሟል። ባለቤቶቹ በሰው መግደል ተከሰው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ነፃ ወጡ፤ በሩ መቆለፉን ማወቃቸው በበቂ ሁኔታ አልተረጋገጠም ተባለ።

ከተማው ግን ዝም አላለም። ከ100,000 በላይ ሰዎች በዝናብ ውስጥ የሐዘን ሰልፍ ወጡ፤ ግዛቱም የፋብሪካ መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ሰብሳቢው ሮበርት ዋግነር፣ ምክትሉ አል ስሚዝ ሆኑ፤ ሁለቱም ተሃድሶ ፈላጊዎች የሙስና ምሽግ አድርገው ይቆጥሩት የነበረው የታማኒ ሆል የፖለቲካ ድርጅት ሰዎች ናቸው። ነገሩን የቀየረው ባለሥልጣናቱ በዓይናቸው እንዲያዩ መደረጋቸው ነው። እሳቱን ከመንገድ ላይ ቆማ ያየችው፣ በሸማቾች ማኅበሩ የኒው ዮርክ ቅርንጫፍ ትሠራ የነበረችው ፍራንሲስ ፐርኪንስ ስሚዝን ሴቶች ሌሊቱን ሠርተው ጎሕ ሲቀድ ከሚወጡበት ፋብሪካ በር ወሰደችው፤ ዋግነርን ደግሞ «የእሳት ማምለጫ» በሚባለው ጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ በረዶ የሸፈነው መሰላል ላይ እንዲወጣ አደረገችው። በጥቂት ዓመታት ከ30 በላይ ሕጎች ወጡ። በሥራ ሰዓት በር መቆለፍ ተከለከለ፤ የእሳት ልምምድና በረጃጅም ሕንፃዎች በራሱ የሚረጭ የውኃ መስመር ግዴታ ሆነ። በ1912 የሴቶች የሥራ ሳምንት በ54 ሰዓት ሲወሰን የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካዎች ከሕጉ ተለይተው ቀሩ፤ ፐርኪንስ ሁሉንም ከማጣት ይሻላል ብላ ተቀበለችው።

የልጆቹ ጉዳይ ከዚህ የባሰ ዘገየ። ሉዊስ ሃይን ከ1908 ጀምሮ ለብሔራዊው የሕፃናት ጉልበት ኮሚቴ በየፋብሪካው እየገባ ያነሳቸው ፎቶግራፎች ሕዝቡን አነቃነቁ፤ ኮንግረስም በ1916 በሕፃናት ጉልበት የተመረተ ዕቃ ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይዘዋወር ሕግ አወጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1918 በ5 ለ4 ሻረው። ኬሊ በ1932 ስትሞት ፌዴራላዊ ክልከላ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆና የመጀመሪያዋ ሴት የካቢኔ አባል የሆነችው ፐርኪንስ ናት፤ በ1938 የወጣው ፌዴራላዊ ሕግ አነስተኛ ደመወዝን፣ የሥራ ሰዓት ገደብንና የሕፃናት ጉልበት ክልከላን አንድ ላይ ደነገገ፤ ፍርድ ቤቱም በ1941 ተቀበለው። ይሁን እንጂ የእርሻና የቤት ሠራተኞች ከሕጉ ውጪ ሆኑ። በደቡብ ከጥቁር ሠራተኞች አብዛኞቹ የተሰማሩት በእነዚህ ሁለት ሥራዎች ነበር። አነስተኛ ደመወዝ ለተወሰኑ የእርሻ ሠራተኞች የደረሰው በ1966፣ ለቤት ሠራተኞች ደግሞ በ1974 ነው።