የሰዓት ውጤት እና የሯጮች ገቢ

የሰዓት ውጤት አንድ ሯጭ የውድድሩን ርቀት ለመጨረስ የፈጀበት ጊዜ ነው። በጎዳና ላይ ሩጫ፣ በተለይም በማራቶን፣ ይህ ቁጥር የሯጩ የዋጋ መለኪያ ሆኖም ያገለግላል። ወደ የትኛው ውድድር እንደሚጋበዝ፣ ለመሰለፍ ብቻ ስንት እንደሚከፈለው፣ የጫማ ኩባንያ ውል ያገኝ ወይም አያገኝ እንደሆነ በአብዛኛው የሚወሰነው በሰዓቱ ነው። በሩጫ ለሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ነገሩ የኑሮ ጉዳይ ነው።

ከቤዝቦል ጋር ሲነጻጸር

ስታቲስቲክስ የስፖርተኛን ክፍያ እንዴት እንደሚወስን ሲነገር ብዙ ጊዜ በምሳሌነት የሚጠቀሰው የአሜሪካ ቤዝቦል ነው። በዋናው ሊግ አንድ ተጫዋች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ገደማ የሚያሳልፈው ከዝቅተኛው ደመወዝ ብዙም ባልራቀ ክፍያ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ስድስተኛው ዓመት ድረስ ከክለቡ ጋር በደመወዝ ካልተስማማ ጉዳዩ ለግልግል ዳኞች ይቀርባል። ዳኞቹ ተጫዋቹ ከጠየቀውና ክለቡ ካቀረበው አንዱን ብቻ ይመርጣሉ፤ መሃል ላይ ማስታረቅ አይፈቀድላቸውም። ክርክሩ በቁጥር ነው፦ ስንት ጊዜ መታ፣ በስንት ጨዋታ ተሰለፈ፣ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ሌላ ተጫዋች ስንት ይከፈለዋል። ስድስት ዓመት ከሞላው ወደሚፈልገው ክለብ መሄድ ይችላል። ደመወዙ በይፋ ይታወቃል፣ ከጀርባውም ጠንካራ የተጫዋቾች ማኅበር አለ።

ኢትዮጵያዊው ሯጭም በቁጥር ይመዘናል፤ ግን የግልግል ዳኛ የለውም።

የገቢው ምንጭ

መቻልን፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክንና ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክን የመሳሰሉ ክለቦች ለአትሌቶቻቸው ወርሃዊ ደመወዝ ይከፍላሉ። ትልቁ ገንዘብ ግን ከውጭ ውድድር ይመጣል፦ የደረጃ ሽልማት፣ የተሳትፎ ክፍያ፣ የሰዓት ቦነስ፣ የክብረ ወሰን ጉርሻ እና የጫማ ኩባንያ ውል። ከእነዚህ ውስጥ በቀጥታ ሰዓት የማይቆጠርበት የደረጃ ሽልማቱ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በቡዳፔስቱ የዓለም ሻምፒዮና ለግል ወርቅ 70,000 ዶላር ሲከፈል፣ የዓለም ክብረ ወሰን ለሚሰብር 100,000 ዶላር ተመድቦ ነበር። ከማሸነፍ ይልቅ መፍጠን የበለጠ ዋጋ ተሰጥቶታል ማለት ነው። የተሳትፎ ክፍያና የጫማ ውል ግን በምስጢር የሚያዙ በመሆናቸው፣ አንድ ሯጭ አብሮት የሚለማመደው ጓደኛው ስንት እንደሚከፈለው ሳያውቅ ሊፈርም ይችላል።

የ27 ሰከንድ ዋጋ

ሰዓት ወደ ገንዘብ እንዴት እንደሚመነዘር በግልጽ የሚያሳየው የኃይሌ ገብረሥላሴ የዱባይ ውድድር ነው። ኃይሌ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2007 በርሊን ላይ 2:04:26 በመግባት የዓለም የማራቶን ክብረ ወሰንን ያዘ። የዱባይ ማራቶን አዘጋጆች ደግሞ በቀጣዩ ጥር ወር ለሚደረገው ውድድር ክብረ ወሰኑን ለሚሰብር 1 ሚሊዮን ዶላር አዘጋጁ። ኃይሌ የመጀመሪያውን አጋማሽ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ሮጠ፤ መጨረሻው ላይ ፍጥነቱ ቀነሰ፤ ውድድሩን ግን በ2:04:53 አሸነፈ። ሰዓቱ በወቅቱ በታሪክ ሁለተኛው ፈጣን ነበር። የአንደኛነት ሽልማቱን 250,000 ዶላር ወሰደ፤ ሚሊዮኑ በ27 ሰከንድ አመለጠው። በዚያው ዓመት መስከረም በርሊን ላይ 2:03:59 በመሮጥ ክብረ ወሰኑን አሻሻለ፤ የዱባዩ ሚሊዮን ግን የዚያ ውድድር ብቻ ነበር።

ሰዓት የማይነግረው

ሁለት ሰዓቶች እኩል ቢሆኑ እንኳ ሁለት እኩል ሩጫዎች ናቸው ማለት አይደለም። የበርሊን መንገድ ሜዳ ነው፤ ፊት ፊት የሚሮጡ አሯሯጮችም አሉት። የኒውዮርክ ማራቶን በድልድዮችና በዳገቶች ላይ የሚያልፍ ሲሆን አሯሯጭ የለውም። በቤዝቦልም የአንዱ ሜዳ አጥር ከሌላው ስለሚቀርብ፣ ባለሙያዎች ቁጥሩን በየሜዳው ባሕርይ ያስተካክሉታል። ለሰሜን ወሎ አንባቢ ቅርብ የሆነው ምሳሌ በሐብሩ ወረዳ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። እዚያ አንድ የማሽላ ዝርያ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሰጠ በአንድ ማሳ ብቻ አይፈረድም፤ እንደ ቆቦ ባሉ ሌሎች ቦታዎችም ተዘርቶ ይታያል፤ አለዚያ የመሬቱ ጥሩነት የዘሩ ጥሩነት መስሎ ይቆጠራል። ለማሽላ የሚደረገው ጥንቃቄ ለሯጭ ሁልጊዜ አይደረግም።

ታምራት ቶላ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ኒውዮርክን በ2:04:58 አሸንፎ የቦታውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ለፓሪስ ኦሊምፒክ ግን በመጀመሪያ የተመረጡት ሲሳይ ለማ (2:01:48 በቫሌንሲያ)፣ ዴሬሳ ገለታ (2:03:27 በሴቪያ) እና ቀነኒሳ በቀለ (2:04:15 በሎንደን) ነበሩ። የሦስቱም የቅርብ ጊዜ ሰዓት ከታምራት የኒውዮርክ ሰዓት ይፈጥናል፤ ታምራት ተጠባባቂ ሆነ። ሲሳይ በጉዳት ሲቀር ተተካ፣ እና ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በዳገታማው የፓሪስ መንገድ 2:06:26 በሆነ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቅ አገኘ። የዓለም አትሌቲክስ ለኦሊምፒክ ወርቅ 50,000 ዶላር መክፈል የጀመረውም በዚሁ ኦሊምፒክ ነበር።

ጫማውም ቁጥሩን ያዛባል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በወጡት ወፍራም ሶልና የካርቦን ሳህን ባላቸው ጫማዎች ምክንያት ሰዓቶች በጣም ወርደዋል፤ የዛሬ ሃያ ዓመት ከዓለም ምርጦች ተርታ የሚያሰልፍ ሰዓት ዛሬ ግብዣ ላያስገኝ ይችላል።

የመጀመሪያው ሰዓት

ችግሩ የሚከብደው በጀማሪው ላይ ነው። አዘጋጆች ለመጋበዝ ሰዓት ይጠይቃሉ፤ ፈጣን ሰዓት የሚገኘው ደግሞ ዝቅተኛና ሜዳማ በሆነ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ እዚያ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ የሚያሸንፍ ሰው ሰዓቱ በወረቀት ላይ ተራ ይመስላል። ስለዚህ ጀማሪው ማናጀር፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ያስፈልገዋል፤ ማናጀሩ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰዓት ነው። በኮምፒውተር ትምህርት ሁለት ሥራዎች አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሁለቱም ሲቆሙ እንደሚታየው ዓይነት መቆላለፍ ነው።

ትዕግሥት አሰፋ በሪዮ ኦሊምፒክ በ800 ሜትር የተሳተፈች ሯጭ ነበረች። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ሪያድ ላይ የሮጠችው የመጀመሪያ ማራቶኗ 2:34:01 ነበር። በዚያ ቁጥር ብቻ ብትመዘን ኖሮ ታላላቆቹ ውድድሮች ምናልባት ባልጠሯት ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም በርሊንን በ2:15:37 አሸነፈች፤ በ2023 ደግሞ እዚያው 2:11:53 ገብታ የወቅቱን የዓለም ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሻለች።