ትናንሾቹ በሮች

በደም መልስ ውስጥ የሚገኙትን ስስ ክዳኖች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1603 መጽሐፍ ያሳተመው የፓዱዋው መምህር ፋብሪሲየስ «ትናንሽ በሮች» ሲል ሰየማቸው። ተግባራቸውን ግን ሳተ። ደም ወደ እጅና እግር ጫፍ በብዛት እንዳይወርድ የሚያዘገዩ መስለውት ነበር። ደም ከጉበት መንጭቶ በአካል ተመጥጦ ያልቃል የሚለው የጌለን ትምህርት ከሺህ ዓመታት በላይ ጸንቶ ስለኖረ፣ ዐይኑ ያየውን አእምሮው ሊፈታው አልቻለም።

የፈታው ተማሪው ዊልያም ሃርቬይ ነው። በሮቹ የሚከፈቱት ወደ ልብ አቅጣጫ ብቻ መሆኑ አሳሰበው፤ በስተርጅናው ለሮበርት ቦይል የነገረውም ይህንኑ ነው። ቀጥሎ ወደ ስሌት ገባ። ልብ በአንድ ምት የሚገፋው ደም እጅግ ጥቂት ነው ቢባል እንኳ፣ የግማሽ ሰዓቱ ድምር በመላ አካል ካለው ደም ይበልጣል፤ ጉበት ይህን ሁሉ ከምግብ ሊያመነጭ አይችልም። እንግዲያው የሚዞረው ያው ደም ነው። ይህንን በ1628 አሳተመ። (የሳንባውን ዙር ግን ኢብን አል-ናፊስ በ13ኛው መቶ ዓመት አስቀድሞ ጽፎት ነበር።) ደም ቅዳን ከደም መልስ የሚያገናኙትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ማልፒጊ በማይክሮስኮፕ ያየው በ1661፣ ሃርቬይ ካረፈ ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

በሀገራችን የብዙ ሕፃናት የልብ ሕመምም የበር ሕመም ነው። በስትሬፕቶኮከስ የተነሳ የጉሮሮ ቁስል ሳይታከም ሲቀር፣ የሰውነት መከላከያ በገዛ ልቡ ላይ ይነሳል፤ ማይትራል ቫልቭ ይጠብባል ወይም ያፈሳል። ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ልጁም ዳገት መውጣት ይሳነዋል። ፔኒሲሊን የሚያሻው ጉሮሮ እንጥል በማስቆረጥ የታለፈባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም።

ዶክተር በላይ አበጋዝ የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማኅበርን እ.ኤ.አ. በ1989 ሲመሠርቱ፣ ለቀዶ ሕክምና የሚበቃ ዕድል ያገኘ ሕፃን ባሕር ማዶ ይላክ ነበር። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የልብ ማዕከሉ የተከፈተው በ2009 ነው። ታላቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም የብረት ቫልቭ የተተከለለት ልጅ ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን መዋጥና ደሙን ማስመርመር አለበት፤ ይህም ከገጠር ለሚመጣ ቤተሰብ ከቀዶው ያልተናነሰ ፈተና ነው። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ግን ከጤና ጣቢያ አይርቅም። በ2015 በአዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት የተሰባሰቡ የልብ ሐኪሞች ካወጧቸው 7 ነጥቦች አንዱ ይኸው መድኃኒት በጥራትና በበቂ መጠን እንዲቀርብ፣ ሌላው ሕሙማኑ በመዝገብ እንዲያዙ የሚጠይቅ ነበር።